ዝናብ እያለ ቧንቧው ለምን ይደርቃል? ስለ አዲስ አበባ ውሃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ «እናንተ ጋ ውሃ መጣ?» ከሰላምታ እኩል ይጠየቃል። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። አንዱ ግድብ ይሠራ ይላል፣ ሌላው ጉድጓድ ይቆፈር ይላል፣ ሦስተኛው ጥፋቱን ሁሉ ለአየር ንብረት ለውጥ ይሰጣል። በየቦታው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስበን መልስ ሰጥተናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?

ከግድብና ከጉድጓድ። ግድቦቹ ሦስት ናቸው። አንጋፋው በምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳ ነው፤ ሥራ የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። ለገዳዲ በ1970 መጣ። ድሬ ደግሞ በ1999 ተጨመረ፤ ውሃው ለገዳዲ ማጣሪያ ጣቢያ ገብቶ ይጣራል። ከእነሱ ሌላ በደቡብ የአቃቂ ጉድጓዶች አሉ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በቅርብ ዓመታት የተቆፈሩት የለገዳዲ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። በየሰፈሩ የተበተኑ ጉድጓዶችም አይጠፉም። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ የሚመጣው ከከርሰ ምድር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ ውሃችን ከግድብ ብቻ ይመስለናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልን። ሦስቱም ግድቦች ከከተማው አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ክረምት እንዲህ እየዘነበ ውሃ በፈረቃ የሚሆነው ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ዝናብ በዝናብ ናት የምትባለው ለንደን እንኳን ይህን ያህል አይዘንብባትም። ስለዚህ ሰማዩን አንውቀሰው።

ችግሩ ዝናቡ የሚመጣበት ሁኔታ ነው። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ያበቃል። የቀረውን ወራት የምንኖረው ያኔ ባጠራቀምነው ነው። ማጠራቀሚያው ደግሞ ለሌላ ከተማ የተሠራ ይመስላል። ለገዳዲ ሲገደብ የአዲስ አበባ ሕዝብ ገና አንድ ሚሊዮን አልሞላም ነበር። በ2007ቱ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደጨመረ ለማወቅ አያትን፣ ቱሉ ዲምቱንና ኮየ ፈጬን አይቶ መምጣት ይበቃል።

በክረምት ራሱ ውሃ የሚጠፋበት ሌላ ምክንያት አለ። ከታረሰና ከተራቆተ መሬት የሚመጣው ጎርፍ ጭቃ ይዞ ግድብ ውስጥ ይገባል። ውሃው ሲደፈርስ ማጣሪያው ብዙ ኬሚካል ይፈልጋል፣ ሥራውም ይዘገያል። ጭቃው ከታች ሲተኛ ደለል ይሆናል፤ ግድቡ በየዓመቱ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ትንሽ እያነሰ ይሄዳል።

መብራት ሲጠፋ ውሃም የሚጠፋው ለምንድን ነው?

የአቃቂ ጉድጓዶች ከከተማዋ ዝቅተኛ ቦታዎች አንዱ ላይ ናቸው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ። መሃል ከተማው 2,300 ሜትርን ያልፋል፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ውሃው መጀመሪያ ከመሬት ሆድ ይወጣል፣ ከዚያ ሽቅብ ይገፋል። ሁለቱም ሥራ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። መብራት ለሁለት ሰዓት ከሄደ ከፍታ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ ጋን ይጎድላል። ቧንቧው እንደገና ሞልቶ ግፊት እስኪያገኝ ደግሞ ሌላ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። «መብራቱ ከመጣ ቆየ፣ ውሃው ግን የለም» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ድርቅ ዝግጁነት ሲወራ ይህ ይረሳል። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ያለው ከተማም መጠባበቂያ ኃይል ከሌለው ሊጠማ ይችላል።

አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። መሬት ላይ ያሉት ሲያገኙ እኔ ለምን አላገኝም?

ውሃ ወደ ላይ አሥር ሜትር እንዲወጣ አንድ ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል። በፈረቃ ቀን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቧንቧ ይከፍታል፣ ሮቶ ይሞላል፣ ልብስ ያጥባል። ግፊቱ ታች ያልቃል፤ ለእናንተ አየር ብቻ ነው የሚደርሰው።

መፍትሔው የሕንፃው ነዋሪ በጋራ ምድር ላይ ታንከር አስቀምጦ ከዚያ በዲናሞ ወደ ላይ መግፋት ነው። ዲናሞውን በቀጥታ ከዋናው ቧንቧ ጋር ማያያዝ ግን ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ አለው። ዲናሞ ሲስብ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያ የፍሳሽ መስመር ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ላይ ውሃ ማጥፋት አንድ ነገር ነው፣ ለጎረቤት ኮሌራ መላክ ግን ሌላ ነው።

አዲስ ግድብ ቢሠራ ነገሩ አያበቃም?

ይቀንሳል፣ አያበቃም። ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉ ግድቦች ዕቅድ ላይ ከሰፈሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ግድብ ማለት ገንዘብ፣ በአብዛኛው የውጭ ብድር፣ ከዚያም መሬት ነው። መሬቱ ላይ የሚያርስና ከብት የሚያውል ሰው አለ።

እዚህ ጋ ነው ወደ ቅድሙ ነጥብ የምንመለሰው። ከተማዋ የምትጠጣው ከወሰኗ ውጭ ያለ ገበሬ መሬት ላይ የወረደውን ዝናብ ነው። ያ ገበሬ ዳገቱን ቢያርስ ደለሉ የእኛ ነው። እርከን ቢሠራና ዛፍ ቢተክል ጥቅሙ የእኛ ነው። እሱስ ምን ያገኛል? ግድቡ አጠገብ እየኖረ ውሃ ከኩሬ የሚቀዳ ከሆነ፣ ጠብቅልን ብሎ መጠየቅ ፊት ይፈልጋል። ከላይ ያለው አርሶ አደር ከከተማው ውሃ ገቢ ላይ ድርሻ የሚያገኝበት፣ መጀመሪያ ራሱ ንጹሕ ውሃ የሚጠጣበት ስምምነት ከሌለ፣ አዲስ ግድብም እንደ አሮጌው በደለል ይሞላል ባዮች ነን።

ታዲያ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ምንድን ነው?

አስቀድሞ የተመረተው ውሃ። ይህን መልስ ማንም አይወደውም፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር የለውምና።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚመረተው ውሃ ከ30 ከመቶ በላይ የሚሆነው ሂሳብ ሳይከፈልበት ይጠፋል። ከፊሉ ካረጀ ቧንቧ ይፈሳል፣ ከፊሉ በተበላሸ ቆጣሪ ሳይቆጠር ያልፋል፣ ከፊሉ ደግሞ በስውር ከመስመር ይቀጠላል። ስሌቱን እንሥራው። በቀን 600 ሺህ ሜትር ኩብ ተመርቶ 30 ከመቶው ቢጠፋ 180 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ገፈርሳ በቀን የሚሰጠው ወደ 30 ሺህ ነው። ስድስት ገፈርሳ ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቆጠርነው ደግሞ ዘጠኝ ሚሊዮን ጀሪካን፣ በየቀኑ።

«ይህ በድሃ ከተማ አይሆንም» ለሚል የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን አለች። በ1993 ከጦርነት የወጣች፣ ከሚመረተው ውሃ 72 ከመቶ የሚጠፋባት ከተማ ነበረች። ኤክ ሶን ቻን የሚባል ሰው የውሃ ድርጅቱ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ያደረገው ነገር ተአምር አልነበረም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቆጣሪ ገጠመ። የቧንቧ መስመሩን በቀጠና ከፍሎ ወደ እያንዳንዱ ቀጠና የሚገባውንና የሚከፈልበትን አነጻጸረ፤ ልዩነት ያለበት ቦታ ሄዶ ቆፈረ። በስውር የቀጠለውን ቆረጠ፣ ከራሱ ሠራተኞች ጋር ተመሳጥሮ የቀጠለውንም ጭምር። ባለሥልጣንና ወታደርም እንዲከፍል አደረገ። ብክነቱ ወደ 6 ከመቶ ገደማ ወረደ፣ ውሃውም 24 ሰዓት ሆነ። ሰውዬው በ2006 «የእስያ ኖቤል» የሚባለው የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጠው።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ቀጠና መክፈሉ ላይ ነው። ውሃ የት እንደሚጠፋ ካልታወቀ ጥገናው ሁሉ መንገድ ላይ ፈልቆ የታየውን መድፈን ብቻ ይሆናል። ፈረቃው ራሱም ቧንቧ ይገድላል፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ እንደገና በግፊት ሲሞላ መገጣጠሚያዎቹ ይላቀቃሉ።

እንደ ኬፕ ታውን «ቀን ዜሮ» እኛ ጋ ይመጣል?

የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ከ2015 እስከ 2017 ሦስት ተከታታይ ደረቅ ዓመታት አሳለፈች። ግድቦቿ ተሟጠጡ። በየካቲት 2018 እያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ እንዲጠቀም ታዘዘ፤ የአብዛኛው ቤት ቧንቧ ወደሚዘጋበት ቀን፣ ወደ «ቀን ዜሮ»፣ ቆጠራም ተይዞ ነበር። ሕዝቡ ቆጠበ፣ ከእርሻ ውሃ ተወሰደ፣ በመጨረሻም ዝናብ ደረሰ። ቀኑ ሳይመጣ ቀረ።

ዓለም በ50 ሊትር ጉድ አለ። አዲስ አበባ ላይ አስቡት። 50 ሊትር ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን አሥራ ሁለት ጀሪካን ተኩል። ከቦኖ ቀድቶ የሚኖር ወይም በጋሪ ጀሪካን የሚገዛ ቤተሰብ ይህን ያህል ውሃ የሚያገኘው በስንት ጊዜ አንዴ ነው? ለእነዚህ ሰዎች ቀን ዜሮ ሊመጣ ያለ ነገር አይደለም፣ ሰፈራቸው ገብቶ ይኖራል።

ወደ እኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሕንዷ ቼናይ ናት። በ2019 አራቱ ዋና ማጠራቀሚያዎቿ ደርቀው ውሃ በባቡር ተጋዘላት። ከዚያ በፊት በ2015 መጨረሻ ላይ ያቺው ከተማ በጎርፍ ተጥለቅልቃ ነበር። ጎርፉን ይዞ ወደ መሬት ያሰርግ የነበረው ረግረግ በሕንፃና በቆሻሻ ተሸፍኗል። ውሃው ሲመጣ ማደሪያ አጣ፣ ሲሄድ ምንም አልተወም።

የአየር ንብረት ለውጥ አዲስ አበባ ላይ ምን ያመጣል?

ሙቀቱ ይጨምራል፤ ከግድብ የሚተነውም ውሃ የሚፈለገውም አብሮ ይጨምራል። ዝናቡን በተመለከተ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚሰጠው ትንበያ ከባድ ዝናብ እየበዛ እንደሚሄድ ነው። በ2015 እና 2016 ኤል ኒኞ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ ዝናብ የሚያዛባው ክስተት) ያመጣውን ድርቅ የምናስታውስ ደግሞ ጥሩ ዓመትን ተማምኖ ማቀድ ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን።

ከባድ ዝናብ ሲባል ለግድቡ ጥሩ ይመስላል። ለከተማዋ ግን ጎርፍ ነው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለው ቁልቁለት የአንድ ሺህ ሜትር ያህል ልዩነት አለው። ድሮ ሣርና አፈር የሚመጠው ውሃ ዛሬ በአስፋልት ላይ እየጋለበ ይወርዳል። የጎርፍ መውረጃው በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኗል። ነሐሴ 2021 ላይ በጎርፍ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ ሌላ ቦታ መከራየት አቅቶት ወንዝ አፋፍ ላይ ቤት የቀለሰው ነው።

ዕቅድ የለም እንዴ?

ኧረ አለ። አዲስ አበባ በዓለም ካሉ መቶ ከተሞች ጋር በገባችበት ፕሮግራም የአደጋ መቋቋም ስትራቴጂዋን በ2020 አውጥታለች። የዓለም ሀብቶች ኢንስቲትዩት ከሚረዳቸው የአፍሪካ ከተሞች አንዷ ሆናም ስለ ውሃ ብቻ የሚመክር ዕቅድ ተሠርቶላታል። ድሬዳዋ፣ የሩዋንዳዎቹ ኪጋሊና ሙሳንዜ፣ የደቡብ አፍሪካዎቹ ጆሃንስበርግና ግቤሃም እዚያው ማዕቀፍ ውስጥ ናቸው።

በወረቀት ላይ የሚጎድል ነገር ብዙ አይደለም። የሚጎድለው ባለቤት ነው። የመጠጥ ውሃውና ፍሳሹ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው። የጎርፍ መውረጃው የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። ወንዙ የሌላ ነው፣ የግንባታ ፈቃዱ የሌላ ነው፣ ግድቡ ያለበት ተፋሰስ ደግሞ የሌላ ክልል ነው። አንድ ረግረግ ላይ ሪል ስቴት ሲፈቀድ የውሃ መሐንዲሱ የሚሰማው ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ዕቅድ ስትመለከቱ የሥዕሉን ማማር ትታችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ፤ በጀቱ በየትኛው መሥሪያ ቤት ስም እንደተያዘ፣ እና ካልተሠራ ማን እንደሚጠየቅ።

የወንዝ ዳር ልማቱ ውሃችንን ያጠራዋል?

በ2019 ይፋ የሆነው የሸገር ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበ ነው። ዳርቻው ላይ የተተከለው ዛፍና የተለቀቀው ክፍት ቦታ ለጎርፍም ለትንፋሽም ይጠቅማል። ወንዙ ግን የሚጠራው ወደ ውስጡ የሚገቡት የመጸዳጃና የፋብሪካ ቱቦዎች ሲዘጉ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣሉ፤ አትክልቱ ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡና ለመጠጣት ዳርቻው በቂ ነው፣ ለጤና ግን ቱቦውን መከተል ያስፈልጋል።

ፍሳሽ ውሃ አጣርቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል?

የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ከ1968 ጀምሮ ፍሳሽ አጣርታ ትጠጣለች። ስለዚህ ይቻላል። እኛ እዚያ መድረስ አያስፈልገንም። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በ2018 ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ተሠርቶለታል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ለግንባታ፣ ለፋብሪካ ማቀዝቀዣና ለአረንጓዴ ቦታ ቢውል የመጠጥ ውሃ የሲሚንቶ ማቡኪያ ከመሆን ይድናል። ዛሬ ኮንክሪት የምናቦካው በሚጠጣ ውሃ ነው።

ሁሉም የራሱን ጉድጓድ ቢቆፍርስ?

ሆቴሉም ፋብሪካውም እያደረገው ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ግን አጥር አያውቅም። ሁሉም የሚስበው ከአንድ ቋት ስለሆነ፣ የሚወጣው ከሚሰርገው ከበለጠ የሁሉም ደረጃ ዝቅ ይላል። ሜክሲኮ ሲቲና ጃካርታ ከሥራቸው ብዙ ውሃ ስበው ከተማው ራሱ እየሰመጠ ነው። የእኛ መሬት እሳተ ገሞራ የፈጠረው ዓለት ስለሆነ እንደ እነሱ ላይሰምጥ ይችላል። ቢሆንም ፈቃድና ቆጣሪ የሌለው ጉድጓድ ካለ ስንት እንደቀረን ማንም መናገር አይችልም። ደግሞም መሃል ከተማ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድና ምንጭ ከሽንት ቤት ጉድጓዶች የሚሰርግ ናይትሬት የሚባል ጎጂ ኬሚካል እንዳለበት በጥናት ታውቋል። ናይትሬት ቢፈላም አይጠፋም።

የጣሪያ ውሃ መያዝ ያዋጣል?

በክረምት አዎ። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ይህ የጥቂት ከባድ ቀናት ዝናብ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ማስቀመጫ ስለሌለው ይፈሳል፤ ስለዚህ በጋውን አያሻግርም። ለልብስ፣ ለሽንት ቤትና ለወለል በቂ ነው፣ የቧንቧውንም ለመጠጥ ያተርፍላችኋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ያጥባልና አትያዙት። የሕንዱ የታሚል ናዱ ክልል በ2000ዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሕንፃ የጣሪያ ውሃ እንዲይዝ ወይም ወደ መሬት እንዲያሰርግ በሕግ አስገድዷል። ለአዳዲስ አፓርታማዎቻችን ይህን ማዘዝ የሚከብድ አይመስለንም።

ታሪፍ ቢጨምር ሰው ይቆጥባል አይደል?

ብዙ የሚጠቀም ብዙ እንዲከፍል ታሪፉ በፍጆታ ልክ ያድጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ከፍተኛው ዋጋ ውስጥ ይገባል። ቪላው ውስጥ ብቻውን ያለው ሰው በርካሹ ይከፍላል። ከጋሪ የሚገዛው ደግሞ ከሁሉም በላይ። መጀመሪያ ቆጣሪ፣ ከዚያ ታሪፍ።

ውሃ እስኪመጣ ቤት ያጠራቀምነውን እንዴት እንያዘው?

ከፈረቃ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ ለመጠጥ አትቅዱ። ለወለልና ለሽንት ቤት ይሁን፣ ሲጠራ ቅዱ። የመጠጡ ጀሪካን ለብቻው ይሁን፤ አፉ ጠባብ ክዳኑም ገጣሚ ይሁን፣ ኩባያ አይነከርበት። ከጠረጠራችሁ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሮቶውን ሁሉም ይረሳዋል። ታች የሚተኛው ጭቃ ጀርም ያሳድጋል፤ ስለዚህ ውሃው ሊያልቅ ሲል፣ ፈረቃችሁ ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን ታጠቡት።